ሾርባውን ማን ይቅመስ?

መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዐርብ፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ኤልዳድ ማንኪያ በእጁ እንደያዘ ዋሸ።

«እህስ?» አለችው ረውዳ፣ በሽርጧ እጇን እየጠረገች። «ጨው እንዴት ነው?»

«ልክ ነው።»

«ማለቴ፣ የምር ልክ ነው? ወይስ ዝም ብለህ ነው?»

«ልክ ነው አልኩሽ እኮ! አሪፍ ነው።»

ረውዳ በረጅሙ ተነፈሰች። ከጠዋት ጀምሮ ትከሻዋ ላይ ተጭኗት የነበረ ነገር የወረደላት መሰለች። «ተመስገን! በቃ፣ አንተ ካልክ አለቀ» ብላ ሳምቡሳዋን ለመጠቅለል ወደ ቤት ሮጠች።

ኤልዳድ ግን ሾርባውን በምላሱ ጫፍ እንኳ አልነካውም። ቅድም ጀርባውን አዙሮ እፍ፣ እፍ ብሎ ማንኪያውን ዘንበል አድርጎ ሾርባውን ወደ ድስቱ መልሶታል።

የዚያን ግቢ ነገር ለማያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ ውሸት እንደሆነ አይገባውም። ግቢው ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በጠባብ መንገድ ገባ ብሎ ያለ ነው። ሦስት ቤት፣ አንድ የቧንቧ ውሃ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ። የግቢው ባለቤት እማማ ኩልሱም ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ረውዳ እናትና አባቷ ቡታጅራ ሱቅ ስላላቸው ለትምህርት ብላ ከእሳቸው ጋር ትኖራለች። በሁለተኛው ቤት እትዬ የሻረግና ልጃቸው ኤርሚ አሉ። ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ከዓመታት በፊት ሲፈርስ ነው እዚህ ተከራይተው የገቡት። ሦስተኛው የእነ ኤልዳድ ነው። የግቢው ብቸኛ ጴንጤዎች እነሱ ናቸው።

ላለፉት አምስት ዓመታት ሁዳዴና ረመዳን እየተገጣጠሙ ነበር። ሁለቱ ጾሞች ሲገጣጠሙ ደግሞ አንድ ችግር ይፈጠራል፤ ወጥ የሚቀምስ ይጠፋል። እማማ ኩልሱምና ረውዳ ፀሐይ እስክትጠልቅ ምንም ነገር በአፋቸው አይዞርም። በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ይቻላል ያሏቸው የሃይማኖት አዋቂ ነበሩ፤ እማማ ኩልሱም ግን «ይቻል ይሆናል፤ እኔ ምላሴን አላምነውም» ብለው ዘግተውታል። እትዬ የሻረግ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ቢሆን ሥጋ ያለበትን፣ ያውም የእስላም ሥጋ፣ አይነኩም። የሚቀረው ኤልዳድ ነው። አባቱ አቶ ደጉ «እኛ ባርከን እንበላለን» ስለሚሉ የማንም ቤት ድስት ለኤልዳድ ክፍት ነው።

ሹመቱን የሰጡት የእማማ ኩልሱም ባለቤት ጋሽ ኑሪ ነበሩ። ሜክሲኮ አካባቢ የመኪና ወንበር ልብስ ይሰፉ ነበር፤ ሳቃቸው ከስፌት መኪናቸው በላይ ይሰማል ይባልላቸዋል። ከአራት ዓመት በፊት፣ ኤልዳድ ዐሥር ዓመቱ ሳለ፣ የግቢው ልጆች ሁሉ ግማሽ ቀን ጾመናል እያሉ ሲኩራሩ እሱ ብቻውን ቧንቧው አጠገብ ተቀምጦ ሲያለቅስ አገኙት።

«ምን ሆንክ?»

«ሁሉም ይጾማሉ። እኔ ብቻ ነኝ የማልጾመው።»

ጋሽ ኑሪ እጁን ይዘው ወደ ድስታቸው ወሰዱት። «ስማ፤ ፈጣሪ ሁላችንንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ቢያስጾመን ኖሮ ጨው ማን ይቀምስልን ነበር? አንተን እዚህ ግቢ ያስቀመጠህ አውቆ ነው። በል አፍህን ክፈት!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ ቀማሹ ሆነ።

ጋሽ ኑሪ በየረመዳኑ በአንዱ ዐርብ የሰፈሩን ሰው ሰብስበው ጾም ያስፈጥሩ ነበር። የጋሽ ኑሪ ሾርባ ይባላል፤ የሥጋና የአጃ ሾርባ ነው፤ በገዛ እጃቸው ይሠሩታል እንጂ ለማንም አሳልፈው ሰጥተው አያውቁም። ባለፈው ጥቅምት ዐረፉ። ይህ እሳቸው የሌሉበት የመጀመሪያው ረመዳን ነው። እማማ ኩልሱም «ዘንድሮ ይቅር» ሲሉ ረውዳ «አይቀርም፤ እኔ እሠራዋለሁ» አለች። አያቷ ሲሠሩ ስታይ አድጋለች እንጂ ራሷ ሠርታው አታውቅም።

ታዲያ ኤልዳድ ምን ነካው?

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ፣ ትምህርት ቤት፣ በምሳ ሰዓት ነው። ኤልዳድ ምሳ ዕቃውን ሲከፍት የእንቁላል ፍርፍሩ ሽታ ሦስቱም የሚማሩበትን ስምንተኛ ክፍል ሞላው። ኤርሚ አፍንጫውን በሹራቡ ሸፈነ።

«አቦ፣ አንተ ልጅ፣ ትንሽ እዘንልን!»

«ምን ላድርግ? ጣሪያ ላይ ወጥቼ ልብላ?»

«አንተማ ምን አለብህ! ለእናንተ ዓመቱን ሙሉ ፋሲካ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። ረውዳም ሳቀች።

«እኛም እንጾማለን» አለ ኤልዳድ።

«መቼ? ከቁርስ እስከ ምሳ?»

አሁንማ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኤርሚ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ቀልድ አፉ ላይ ከመጣ ማቆም አይችልም እንጂ። ኤልዳድ ግን ምሳ ዕቃውን ከድኖ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

ማታ አልጋው ላይ ሆኖ አሰበበት። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ነገር እሱ አያውቀውም። አፍ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዴት እንደሚደርቅ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሆድ ምን እንደሚል። የቤተ ክርስቲያናቸው የልጆች አስተማሪ ወንድም ተከስተ ያለው ትዝ አለው፦ «የሚጾም ሰው ፊቱን ይታጠባል፣ ፀጉሩን ያበጥራል፤ እየጾምኩ ነው ብሎ አያወራም። በእሱና በአምላኩ መካከል ያለ ምስጢር ነው።» ስለዚህ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ጸለየ፦ «ጌታ ሆይ፣ ነገ እጾማለሁ። በረውዳ ሰዓት፣ እስከ ማታ። ለማንም አልናገርም።»

በኤርሚ ሰዓት ሳይሆን በረውዳ ሰዓት ያደረገው ኤርሚን በሦስት ሰዓት ተኩል ስለሚበልጠው ነው። ምስጢር ባይሆን ኖሮ እንዴት ደስ ይል ነበር!

ንጋት ላይ ከመስጊድ አዛን፣ ቀጥሎ ከቂርቆስ የኪዳን ጸሎት፣ ከሁለቱ በኋላ ደግሞ ከመጋረጃው ወዲያ የእናቱ የጠዋት ጸሎት ተሰማ። ኤልዳድ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱም ከመካከላቸው እንዳለ ተሰማው። ለእናቱ «ቁርስ ትምህርት ቤት እበላለሁ» አላት። ምሳ ላይ ለኤርሚ «ሆዴን አሞኛል» አለው። ገና እኩለ ቀን ሳያልፍ ጾሙ ሁለት ውሸት ወለደ። እሱ ግን ልቡን ቀለል ብሎት ነበር።

ከሁሉ የባሰው አንድ ነገር መርሳቱ ነው። ዐርብ የሾርባው ቀን ነበር።

ያስታወሰው ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ለሾርባው ብላ ቀድማው የገባችው ረውዳ ትልቁ ድስት ላይ ጎንበስ ብላ ጨው ስትነሰንስ ሲያይ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቤቱ ተደበቀ። ረውዳ «ቀማሹ! ና እንጂ!» ብላ ስትጠራው ወጣ። «ጾመኛ ነኝ» ቢላት ምስጢሩ ያበቃል። ቢቀምስ ጾሙ ያበቃል። ስለዚህ ሦስተኛውን ውሸት ዋሸ። «ረውዳ ጨው አታበዛም፤ ምንም አይሆንም» ብሎ ራሱን አጽናና።

ከዚያ በኋላ ከኤርሚ ጋር ምንጣፍ አነጠፉ፣ ከጎረቤት ወንበር ተሸከሙ። ኤርሚ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮውን በልቶ ጉልበቱ ተመልሶ ነበር፤ ሁለት ሁለት ወንበር በጭንቅላቱ ተሸክሞ ይዘፍናል።

«አንተ፣ ዛሬ ምነው ቀዘቀዝክ? ባትሪህ አልቋል?»

«ሆዴን ነው አልኩህ እኮ።»

«ቀማሽ ሆዱን ሲያመው እኮ ያስፈራል። ወጡ ነው ማለት ነው!» አለና በራሱ ቀልድ ተንከተከተ።

ዐሥራ ሁለት ሰዓት ከአምስት ሲል እንግዶች መምጣት ጀመሩ። የሜክሲኮ ታክሲ ሾፌሮች፣ የጋሽ ኑሪ የሥራ ጓደኞች፣ የእድሩ ሽማግሌዎች። እማማ ኩልሱም በር ላይ ቆመው ይቀበላሉ። ነጭ ሻሻቸውን አስረው፣ ለሁሉም ፈገግ ይላሉ፤ ዓይናቸው ግን ጋሽ ኑሪ ይቀመጡበት ወደነበረው ጥግ ይመላለሳል። እትዬ የሻረግ ጎናቸው ሆነው ብርጭቆ ያደርቃሉ።

«አይዞዎት እማማ» አሉ እትዬ የሻረግ። «ሾርባው ላይ እኔም እጄን አስገብቻለሁ። ልጅ ናት፣ በዚህ ሁሉ ግርግር ጨው ትረሳለች ብዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሙሉ እፍኝ ጨመርኩላት።»

«አበጀሽ የኔ ልጅ» አሉ እማማ ኩልሱም።

ኤልዳድ የያዘው ወንበር ከእጁ ሊወድቅ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ረውዳ ስትጨምር በዓይኑ አይቷል። ዘጠኝ ተኩል ላይ እትዬ የሻረግ ደግመዋል። ዐሥር ተኩል ላይ ደግሞ እሱ «ልክ ነው» ብሏል። በዚህ ግቢ ውስጥ ሦስቱንም የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

የግድግዳውን ሰዓት አየ። ማፍጠሪያው ዐሥራ ሁለት ከሠላሳ ስምንት ነው። ሠላሳ ሦስት ደቂቃ ዝም ቢል ጾሙ ይሞላል። ከዚያ አርባ ሰው ጎንበስ ብሎ አንድ አንድ ማንኪያ ይጎነጫል። ማንም ክፉ አይናገርም፤ እንግዳ የሰው ሾርባ አይነቅፍም። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ሳህኑን በቀስታ ወደ ጎን ያደርጉታል። ረውዳም ታያለች። ደግሞም ጥፋቱ የእትዬ የሻረግ ይመስላል እንጂ የእሱ አይመስልም።

ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ነው ያሳፈረው። ወንበሩን አስቀምጦ ወደ ጓዳ ሄደ።

ረውዳ ቴምር በሳህን እየደረደረች ነበር። «ምን ፈለግክ? ሾርባው መውጣት አለበት።»

«አልቀመስኩትም።»

«ምኑን?»

«ሾርባውን። ቅድም ዋሽቼሽ ነው። አንቺ ጨው ጨምረሻል፤ እትዬ የሻረግም ጨምረዋል። አሁን ሰማኋቸው።»

ረውዳ የያዘችውን ቴምር አስቀመጠች። «ትቀልዳለህ አይደል?»

«አልቀልድም።»

«ለምን?» ድምጿ ተሰነጠቀ። «የአባባ ሾርባ ነው እኮ! አንተ ልክ ነው ስላልክ እኔ... ወላሂ ኤልዳድ፣ ለምንድን ነው የምትዋሸው?»

ለምን እንደሆነ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ቢናገረው ይቅር ትለዋለች፤ ምናልባትም ታመሰግነዋለች። ዋጠው።

«ጥፋተኛ ነኝ» አለ። «ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ጩኸቱን ሰምተው እማማ ኩልሱም፣ እትዬ የሻረግና ኤርሚ ተከታትለው ገቡ። እትዬ የሻረግ ነገሩን ሲሰሙ ደረታቸውን መቱ። «ወይኔ ጉዴ! እጄን ይቁረጠው! አርባ ሰው በጨው ልፈጅ ነበር!»

«ቀማሹ እንቅልፍ ወስዶት ነው!» አለ ኤርሚ። ማንም አልሳቀለትም።

እማማ ኩልሱም ብቻ አልተደናገጡም። ማንኪያ አንስተው ለኤልዳድ ዘረጉለት። «ሆነ። ምን ያህል እንደ በዛ ሳናውቅ ውሃ መጨመር አንችልም። ቅመስና ንገረን።»

ኤልዳድ ማንኪያውን ተቀበለ። የሾርባው እንፋሎት ፊቱን መታው፤ ሆዱ እንደ ድመት ጮኸ። ከንጋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰም። ሃያ ስምንት ደቂቃ ነበር የቀረው። እናቱም አባቱም ከሥራ አልገቡም፤ እዚህ ክፍል ውስጥ መቅመስ የሚችል ሌላ ሰው የለም። ዓይኑን ጨፈነ፤ ከንፈሩን ትንሽ አንቀሳቀሰ። ከዚያ ጎነጨው።

ፊቱ ተጨማደደ። አንድ ዓይኑ ብቻ ተከፈተ።

«ንገረን እንጂ!» አለች ረውዳ።

«ባሕር ነው» አለ ድምፁ ጠፍቶ። «ቀይ ባሕር። ጥልቁ ጋ።»

ኤርሚ በሳቅ ፈነዳ፤ እትዬ የሻረግም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ተንፈቀፈቁ። ረውዳ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ አልቻለችም።

«ለሁለት ይከፈል» አሉ እማማ ኩልሱም። «ግማሹን ሌላ ድስት ውስጥ፣ ሁለቱም ላይ የፈላ ውሃና አጃ። ድስት አምጡ!»

ድስት ግን የለም። አንዱ ላይ ሩዝ፣ አንዱ ላይ ወጥ፣ የእነ ኤልዳድ ቤት ድስት ደግሞ ለአምስት ሰው ነው። በግቢው ውስጥ የቀረው ትልቅ ድስት አንድ ብቻ ነው፤ የእትዬ የሻረግ የጾም ድስት። ቅበላ ማግሥት በአመድ ታሽቶ፣ ታጥቦ፣ ሽሮና ምስር እንጂ ሌላ ያልገባበት። ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም አልጠየቃቸውም። ኤርሚ እንኳ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር።

እትዬ የሻረግ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ሲመለሱ ድስቱን በሁለት እጃቸው አቅፈው ነበር።

«የሻረግ!» አሉ እማማ ኩልሱም። «ተይ፣ ጾምሽ ነው። ሥጋ ነው እኮ የሚገባበት።»

«አውቃለሁ እማማ። ለዚህ ነው የማላውሰው።» ድስቱን ምድጃው ላይ አስቀመጡት። «ሰጥቻችኋለሁ። ከእንግዲህ የእናንተ ነው፤ እኔ ቤት እንዳይመለስ። እኔ ለሽሮዬ ሌላ አላጣም። ጋሽ ኑሪ ቤት የጎደለው ግን ዛሬ ነው።»

እማማ ኩልሱም የእትዬ የሻረግን እጅ ይዘው አገላብጠው ሳሙት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሩጫ ነበር። ኤርሚ ከየጎረቤቱ በፔርሙዝ የፈላ ውሃ ሰበሰበ። ረውዳ አጃ በተነች። እትዬ የሻረግ ቲማቲም ከተፉ፤ ጨው የነበረበትን ጣሳ ግን ኤርሚ «አንቺ እዚያ ጋ እንዳትደርሺ» ብሎ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለው። ኤልዳድ ቀመሰ። «ገና ነው።» እንደገና ቀመሰ። «ደህና እየሆነ ነው፣ የግራው ትንሽ ይቀረዋል።» በሦስተኛው ማንኪያውን አጣጥሞ ላሰ።

«ንገረኛ!» አለች ረውዳ። «በዛ? አነሰ?»

«ልክ ነው።»

ረውዳ ዓይኖቹን ትኩር ብላ አየችው። «ማለቴ... የምር?»

«የምር።»

ዐሥራ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ስድስት ነበር።

ውጭ ሰዉ ቦታ ቦታውን ይዟል። እማማ ኩልሱም የቴምሩን ሳህን ይዘው ወጡ። ልማዱ ከትልቁ ሽማግሌ መጀመር ነው። እሳቸው ግን ሽማግሌዎቹን አልፈው፣ ኤልዳድ ብቻውን ወደቆመበት ወደ ቧንቧው ሄዱ። ከስድሳ ዓመት በላይ ጾመዋል፤ የጾመ ሰው ከንፈር ምን እንደሚመስል ማንም አይነግራቸውም። ሦስት ቴምር መዳፉ ላይ አስቀምጠው ጣቶቹን አጠፉለት።

«ለኔ ሳይሆን ለሽማግሌዎቹ...» አለ ኤልዳድ።

«ዝም በል። አዛን ሲል ብላ።»

«እኔ እኮ አስቀድሜ ቀምሻለሁ፣ ሾርባውን። አልሞላም።»

ስለ ምን እንደሚያወራ አልጠየቁትም። ጎንበስ ብለው፣ ለሚጾም ሰው ብቻ የሚሉትን ጆሮው ላይ አሉት፦ «አላህ ይቀበልህ።»

አዛን ተሰማ። ኤልዳድ አንዱን ቴምር አፉ ውስጥ ከተተ። ኤርሚ ከወዲያ ማዶ «ቀማሹ፣ ቴምርም ትቀምሳለህ እንዴ?» ብሎ ጮኸበት። ኤልዳድ መልስ መስጠት ይችል ነበር። አልሰጠም፤ ሾርባ ለማቅረብ ወደ ጓዳ ገባ።

ሁለቱም ድስት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ አለቀ።

እማማ ኩልሱም በዚያው ዓመት ነሐሴ 21 ቀን ዐረፉ። ለቀብር ወደ ኮልፌ ሲኬድ ኤልዳድና ኤርሚ በእድሩ አውቶቡስ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ። የዚያን ዐርብ የኤልዳድን ጾም እማማ ኩልሱም ለማንም አልተናገሩም ነበር። ረውዳ የሰማችው ከራሱ ከኤልዳድ ነው፣ ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን። ኤርሚ ገና አልሰማም።